ያልተጻፈው ምርቃት

ሙህዲን ጋዙን ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠመዝዘው ከሞተርሳይክሉ ጭስ ማውጫ፣ ከማርሚታው፣ የወጣው ጥቁር ጭስ ቀጥ ብሎ የሱንዱስ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ገባ።

“ኧረ ሙህዲን! ፊልትሮ እሸጣለሁ እንጂ እኔ ፊልትሮ ነኝ እንዴ?” አለች ሱንዱስ በሻርፗ አፍንጫዋን ሸፍና።

“አጥፋው” አለ ሙህዲን።

ኮርቻው ላይ የተቀመጠው ማሙሸት መሪው ላይ ያለችውን ቀይ ማጥፊያ በአውራ ጣቱ ተጫናት። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ዝም አለ።

ሙህዲን ከሰማያዊ ቱታው ኪስ ደብተሩን አወጣ። መርካቶ ሶማሌ ተራ ውስጥ ሞተርሳይክል ሲጠግን ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ በሱቆቹ መስመር ደብተር የሚይዝ መካኒክ ግን ከእሱ ሌላ የለም። ደብተሩ ሂሳብ አይጻፍበትም። የሚጻፍበት ቀኑ፣ የታየው ችግር፣ የተሠራው ሥራና ውጤቱ ነው። የማሙሸትን ገጽ ገለጠ።

“የካቲት 9። ጥቁር ጭስ፣ ዳገት ላይ መታፈን። ካንዴላ ተቀየረ። ዳነ።”

“መጋቢት 4። ያው። የቤንዚን ፊልትሮ ተቀየረ። ዳነ።”

“መጋቢት 27። ያው። ኢንጀክተር ታጠበ። ዳነ።”

ዛሬ ሚያዝያ 20 ነው። ሙህዲን ሦስቱን “ዳነ” አንድ በአንድ አያቸው። የገዛ እጅ ጽሑፉ የሚያሾፍበት መሰለው። የዳነ ነገር በየሦስት ሳምንቱ እየሳለ አይመለስም።

“እንግዲህ ምን ይሻለናል ጋሼ?” አለ ማሙሸት።

ማሙሸትና የሥራ ባልደረባው የሆነችው ሠርኬ የሚኖሩት ሸዋሮቢት ነው። በየማለዳው ከቆላው ተነስተው ጣርማ በር ዙሪያ ወዳሉት ጤና ኬላዎች ይወጣሉ፤ ሳንባ ነቀርሳ ከተጠረጠሩ ሰዎች የተወሰደውን የአክታ ናሙና በበረዶ ሳጥን ጭነው ወደ ላቦራቶሪ ይወርዳሉ። በአንድ ቀን ከሺህ ስምንት መቶ ሜትር በላይ ሽቅብ፣ ያንኑ ያህል ቁልቁል። ሰዓቱ ያለፈበት ናሙና ይጣላል። በሽተኛው እንደገና ይጠራል፤ አንዳንዱ ተመልሶ አይመጣም። የማሙሸት ሞተርሳይክል በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ዳገት ላይ ቀርቶበታል። ለሦስተኛ ጊዜ ከቀረበት ሥራው ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ አሠሪዎቹ ነግረውታል።

“ያመጣን ኢሱዙ በዘጠኝ ሰዓት ከአብነት ሰፈር ይነሳል” አለ ማሙሸት። “ነገ ጠዋት ጣርማ በር መሆን አለብኝ። አይቆጡኝና ጋሼ፣ እኔና ሠርኬ ተነጋግረን ነው የመጣሁት። በኮምፒውተር ቤንዚን የሚረጨው ኢንጀክሽን ወጥቶ የድሮው ካርቡራቶር ይግባልን ብለናል።”

ሙህዲን ከደብተሩ ቀና አለ። “ማነው ይህን የመከራችሁ?”

“እኔ ነኝ ጋሼ!” የሚል ድምፅ ከመንገዱ ማዶ መጣ። “ምን ይደረግ፣ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት!”

ሶሊ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት እዚሁ ሙህዲን ዘንድ ብሎን መፍታት የጀመረ፣ ዛሬ ፊት ለፊቱ የራሱን ቤት ከፍቶ ካርቡራቶር የሚገጥም። የሠርኬ ሞተርሳይክል ከማሙሸት ጋር በአንድ ኢሱዙ መጥቶ አሁን ሶሊ ደጃፍ ላይ በማቆሚያው ቆሟል። ሁለቱ በአንድ ቀን የተገዙ፣ በቀለም ብቻ የሚለያዩ ናቸው፤ የማሙሸት ቀይ፣ የሠርኬ ሰማያዊ። ሁለቱም ያስላሉ።

“ኢንጀክሽን ለባሕር ዳርቻ አገር የተሠራ ነው” አለ ሶሊ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። “እኛ ከፍታ ላይ ሲመጣ ኮምፒውተሩንም ራሱን ያዞረዋል!”

“አንተ! ካርቡራቶሩን ለየትኛው ከፍታ ነው የምታስተካክልለት? ለሸዋሮቢት ነው ለጣርማ በር?”

“ለመሀሉ።”

“ለመሀሉ! ታች ይጠማዋል፣ ላይ በቤንዚን ይሰምጣል፣ ደብረሲና ላይ ብቻ ጤነኛ ይሆናል። ልጁ ደብረሲና ቤት ይከራይ?”

ሱንዱስ ሳቀች። ሶሊ ግን አልሳቀም። “አሁንስ ጤነኛ የሚሆነው የት ነው ጋሼ? እዚህ እርስዎ ቤት ብቻ አይደል?”

ሙህዲንን ያናደደው ነገሩ እውነት መሆኑ ነው። ሞተርሳይክሎቹን ግዙ ያለው እሱ ነበር፤ ያውም መስመሩ ሁሉ እየሰማ። “ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ካርቡራቶር ይህን አያውቅም፤ ዢግለር የሚባለው ቀዳዳው በፈቀደለት ልክ ያንኑ ቤንዚን ያፈስሳል። ኢንጀክሽኑ ግን አየሩን ለክቶ ይመጥናል። ጉልበቱ ደጋ ላይ ሩብ ያህል ይቀንሳል፣ ለዚያ መድኃኒት የለውም፤ ግን አያስልም” ብሎ ነበር። አያስልም ያለው ሞተር ይኸው አራተኛ ጊዜ እየሳለ መጣበት።

“የሠርኬን ሶሊ ይጀምር” አለ ማሙሸት መሬት መሬት እያየ። “የእኔን እስከ ዙህር ሶላት እጠብቅዎታለሁ። ከዚያ ግን ሰዓት የለኝም።”

ሁለት አዳዲስ ካርቡራቶሮች የሱንዱስ ባንኮኒ ላይ ተሰልፈዋል። ሶሊ አንዱን አንስቶ ሄደ። ካርቡራቶር ለማስገባት የኢንጀክሽኑ ሽቦ ከሥሩ ይቆረጣል፤ ሽቦው አንዴ ከተቆረጠ መመለሻ የለውም።

“እኔ ለሁለታችሁም ነው የምሸጠው” አለች ሱንዱስ ለሙህዲን። “ብቻ ጭሱን ወደዚያ አዙርልኝ።”

ሙህዲን ኮርቻውን አነሳ። ማንኛውም ሥራ ከባትሪ ይጀምራል፤ ይህ ለተማሪዎቹ ሁሉ የሰጠው የመጀመሪያ ሕግ ነው። የባትሪውን ነጌቲቭ ሽቦ ፈትቶ አምስት ደቂቃ ይጠብቃል፤ ከዚያ መመርመሪያ ማሽኑን ይሰካል፤ ከዚያ ባትሪውን መልሶ ያስራል። ብዙ ሰው ባትሪ ሳይፈታ ማሽን እየሰካ ኮምፒውተር ሲያቃጥል አይቷል። ነጌቲቩን ፈታ። ሰዓቱን አየ። ማሽኑን ሊያመጣ ወደ ውስጥ ሲገባ ውጭ ጩኸት ተነሳ።

“መንገድ! መንገድ በሉ!”

የስፖንጅ ፍራሽ እስከ ሱቆቹ ጣሪያ የተቆለለበት ጋሪ ቁልቁል እየመጣ ነው። ሁለት ኩሊዎች ከፊት ይይዙታል፣ አንዱ ከኋላ ይጎትተዋል።

“ሞተሩን አንሱልን!”

“ተፈቷል እኮ! ሥራ ላይ ነኝ!” አለ ሙህዲን።

“እኛስ ጋሼ፣ ሽርሽር ላይ ነን? ይህ ወደ ኋላ አይመለስም! ያንሱልን!”

“በዚያኛው መንገድ አትዞሩም?”

“በዚያኛው አስፋልቱን ቆፍረውታል! ኧረ እየከበደን ነው!”

ግራና ቀኝ ሳጥን ተደርድሯል። ሞተርሳይክሉን ማሳረፊያ ያለው ጋሪው ገና ያልደረሰበት፣ ሽቅብ ሃምሳ እርምጃ ርቆ፣ መንገዱ ሰፋ የሚልበት ቦታ ብቻ ነው። ሙህዲን እየተነጫነጨ ነጌቲቩን መልሶ በእጁ አጠበቀው። “ነድተህ አውጣው፤ ቶሎ!” አለ። ማሙሸት ቀይዋን ማጥፊያ መለሳት፣ ማስነሻውን ተጫነ፣ ጋዝ ሰጥቶ ዳገቱን ወጣ። ጋሪው አለፈ። አንዱ ፍራሽ የሱንዱስን ማስታወቂያ ጠርጎ ወሰደ፤ እሷም የኩሊዎቹን ሰባት ዘር እየጠራች ተከተለቻቸው።

ሙህዲን ተከትሎት ወጥቶ ዳገቱ ላይ ቆሞ ቀረ። የሚያየውን አላመነም።

“እስኪ ጋዝ ስጠው” አለ።

ማሙሸት ሰጠው። ማርሚታው ምንም አልተፋም።

“እንደገና። እስከ መጨረሻው።”

ሞተሩ ንጹሕ ድምፅ አወጣ። ሙህዲን ነጭ መሐረቡን አውጥቶ ከማርሚታው ኋላ ያዘው። መሐረቡ ነጭ ሆኖ ቆየ።

ሱንዱስ ማስታወቂያዋን በብብቷ ይዛ ተመለሰች። “ኦ! ጭሱ ጠፋ። ምን አደረግከው?”

“ምንም።”

“ጎበዝ ነህ ወላሂ።”

“ምንም አላደረግኩም እልሻለሁ!”

“ታዲያ ከዳነልህ ምን ያስጮህሃል?”

“እሱ ነዋ የሚያስጮኸኝ!”

ምክንያቱ ያልታወቀ በሽታ ያናድደዋል፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ፈውስ ግን ያሳብደዋል። ካንዴላ አልቀየረም፣ ፊልትሮ አልነካም፣ ኢንጀክተር አላጠበም። ታዲያ ያኔስ ያዳኑት እነሱ ነበሩ? ደብተሩን ገልጦ ሦስቱን መስመሮች በጣቱ ተከተላቸው። ሦስት የተለያየ ሥራ፣ አንድ ዓይነት ውጤት። ሦስቱንም ሲሠራ ያደረገው፣ ዛሬም ያደረገው፣ ግን ሕግ እንጂ ሥራ ስላልሆነ ያልጻፈው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ባትሪውን ፈትቶ ማሰር።

“ማሙሸት፣ ይህ ባትሪ ሌላ ጊዜ ይፈታል?”

“አዎ። በየእሁዱ ቤቴ አውጥቼ ቻርጅ አደርገዋለሁ። ካልሆነ ሰኞ አይነሳም።”

“በየእሁዱ?! ከመቼ ጀምሮ?”

“ከጥር መጨረሻ… የሠርኬም እንደዚያው ነው።”

“አራት ጊዜ ስትመላለስ ይህን ሳትነግረኝ?”

“እርስዎ ስለ ጭሱ እንጂ ስለ ባትሪ መቼ ጠየቁኝ?” አለ ማሙሸት ቅር ብሎት። “ባትሪ ያረጃል ብዬ ነዋ።”

ሙህዲን ጥርሱን ነከሰ። አዲስ ባትሪ በሳምንት ባዶ የሚሆነው የሆነ ነገር ቀን ከሌት ሲጠባው ነው። ኮምፒውተሩ አይተኛም ማለት ነው። የዚህ ሞዴል ኮምፒውተር ደግሞ የአየሩን ግፊት የሚለካው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቁልፍ ሲከፈት ነው፤ ከዚያ ቁልፉ እስኪዘጋ ድረስ ቤንዚኑን በዚያ ልክ ይረጫል። የማይተኛ ኮምፒውተር እሁድ ሸዋሮቢት ላይ ባትሪ ሲታሰርለት የለካውን የቆላ አየር ተሸክሞ ጣርማ በር ይወጣል።

“ሞተሩን ስታቆም በምን ነው የምታጠፋው?”

“በቀይዋ ማጥፊያ።”

“እሷ የምታጠፋው እሳቱን ብቻ ነው። ቁልፉንስ? ለምንድነው ቁልፉን የማትዘጋው?”

ማሙሸት ግራ በመጋባት አየው። ከዚያ ዓይኑን ወደ ሱንዱስ፣ ቀጥሎም ወደ ጫማው ወሰደ።

“ቁልፉማ… ረሱት እንዴ ጋሼ? አቧራ ገብቶበት አልዞር ሲል እርስዎ ያለ ቁልፍ እንዲነሳ በሽቦ ዳይሬክት አደረጉልኝ። ጎማ ልናስቀይር የመጣን ዕለት። ‘ለምርቃት’ ብለው በነፃ። እኔም ‘ለሠርኬም ይመርቁላት’ ብዬ ለመንኩዎት።”

ሙህዲን ወደ ኋላ ገለጠ። “ጥር 24። የኋላ ጎማ ተቀየረ፣ የሁለቱም።” ከዚያ በታች ባዶ ነው። ምርቃት አይጻፍም። ምርቃት ሥራ አይደለም፤ ደንበኛን በፈገግታ መሸኛ ነው። ሶማሌ ተራ ውስጥ ግማሹ ሞተር በቁልፍ አይነሳም፤ ሽቦ ማገናኘት ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፣ ማንም ልብ አይለውም። ካርቡራቶር ላለው ሞተር ጉዳት የለውም፤ ካርቡራቶር ምኑን ያስታውሳል? እሱም ሲመረምር ማሽኑን የሚሰካው ባትሪውን ከፈታ በኋላ ነውና፣ በሽታውን በራሱ ጥንቃቄ እያጠፋ ጤነኛ ቁጥር ሲያነብ ኖሯል።

ድንገት ሰማያዊው ሞተርሳይክል ትዝ አለው።

ሙህዲን ማሽኑን ከሱቁ አንስቶ ሮጠ። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሲሮጥ ያየው ሰው ስላልነበረ መስመሩ ሁሉ ዞሮ ተመለከተ። ሶሊ የሠርኬን ሞተርሳይክል ኮርቻ አንስቶ፣ በአንድ እጁ ሽቦ መቁረጫ ይዞ፣ በሌላው መፍቻውን የባትሪው ነጌቲቭ ላይ አሳርፏል።

“ባትሪውን እንዳትነካ!”

ሶሊ እጁን ሰበሰበ። “ምነው ጋሼ? ቦምብ ነው እንዴ? ‘ከባትሪ ጀምር’ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?”

“ዛሬ አትጀምር!”

ሙህዲን በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ባትሪ ሳይፈታ ማሽኑን ሰካ። የአየር ግፊት የሚለው መስመር እስኪመጣ ድረስ የማሽኑን ገጾች አገላበጠ።

“አንብብ” አለው ሶሊን።

“87።”

“ግድግዳዬ ላይ የለጠፍኩት ሠንጠረዥ መርካቶን ስንት ይላል?”

“76” አለ ሶሊ ወዲያው። ሲማር አሥር ጊዜ ገልብጦታል።

“87 የቱ ነው?”

ሶሊ ትንሽ አሰበ። “ቆላ ነው… ሸዋሮቢት አካባቢ።”

“ይህ ሞተር አልመጣም። አሁንም ሸዋሮቢት ነው ያለው። የምትቆርጠው ነገር የለም።”

አሁን ነጌቲቩን ራሱ ፈታ። አምስት ደቂቃ ሙሉ ሰዓቱን እያየ ቆመ፤ ሶሊም፣ ማሙሸትም፣ ሱንዱስም አብረው ቆሙ። መልሶ አሰረው። ማሽኑ 76 አለ። ሶሊ ማስነሻውን ተጫነ፤ ሞተሩ ሳያስል ተነሳ። ሶሊ ከተንበረከከበት የሞተሩን ድምፅ ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ጥሩ ሥራ ሲያይ ይገባዋል። ከዚያ ግን በቤንዚን ታንከሩ ሥር ጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለበት ሽቦ አየ።

“ቆይ፣ ዳይሬክት ነዋ! ማነው ይህን ያሰረው?” ሽቦውን በሁለት ጣቱ አንስቶ ለተሰበሰበው ሰው አሳየ። “ኢንጀክሽንን እንደ በር ደወል የሚያገናኝ! እንዲህ ያለው ሰው መፍቻ ተቀምቶ አካፋ ነው የሚሰጠው!”

ሰው ሳቀ። ማሙሸት አልሳቀም። ሙህዲንን እንዳያይ ወደ ሰማይ አየ። ሙህዲን ልጁ አፉን እንደማይከፍት ገባው። ዝም ቢል ቀኑ የእሱ ነው፤ ኢንጀክሽን ለደጋ ይሆናል ያለው እውነት ሆኗል፣ ሶሊም በገዛ ደጃፉ ተረትቷል።

“እኔ ነኝ” አለ።

“ምን?”

“ሽቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። የሁለቱንም። ጥር 24።”

ሶሊ ሽቦውን ለቀቀው። ጆሮው ቀላ። “ጋሼ… እኔ እኮ…”

“ልክ ብለሃል። አካፋውን ነገ ታመጣልኛለህ። አሁን የቁልፍ ቤት ፈልግልኝ፤ ሰዓት የለንም።”

ለሞዴሉ የሚሆን የቁልፍ ቤት ሶማሌ ተራ ውስጥ አልተገኘም። ሱንዱስ ከመደርደሪያዋ ጥልቅ ከሌላ ሞዴል የመጡ ሁለት አወጣች፤ ሦስት ሽቦ ያላቸው፣ በቂ ናቸው። የካርቡራቶሮቹን ካርቶን ዘግታ ወደ ቦታቸው መለሰች።

“ሙህዲን፣” አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “እንዲህ ዳይሬክት ያደረግክላቸው ኢንጀክሽኖች ስንት ናቸው?”

ሙህዲን የካቲት 9 የማንን ካንዴላ እንደቀየረ ከደብተሩ መናገር ይችላል፤ ይህን ግን የትም አልጻፈም።

“አላውቅም” አለ። ቃሉ አፉ ውስጥ እንደ ብረት ፍቅፋቂ ሻከረው።

ሙህዲን የቀዩን፣ ሶሊ የሰማያዊውን ሠሩ። ዙህር አለፈ፤ ሙህዲን ሰገደና ተመለሰ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለቱም ሞተርሳይክሎች በቁልፍ ተነሱ፣ በቁልፍ ጠፉ።

“ስማኝ” አለው ማሙሸትን። “በየጤና ኬላው ስትቆም ቁልፉን ትዘጋለህ። ጣርማ በር ዳገት ላይ ከከበደህ ጥግ ይዘህ ቁም፣ ዝጋና ክፈት፤ አየሩን እንደገና ይለካል። ጉልበቱ ያው ይቀንሳል፤ ማርሽ ቀንስ እንጂ አትሳደብ። ለሠርኬም ንገራት።”

“ሠርኬ ስለ ማርሽ አትሰማም፤ ቁልፉን ግን እነግራታለሁ” አለ ማሙሸት። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ወደ ኮርቻው ሊወጣ እግሩን አንስቶ ቆም አለ። “ጋሼ… ይቺ የግራ መስታወት ትወዛወዛለች። ለምርቃት ጠበቅ ቢያደርጉልኝስ?”

ሶሊ ከማዶ በሳቅ ፈነዳ። “ኧረ ልጁ አይፈራም!”

ሙህዲን በልማድ መፍቻውን አነሳ። መስታወቷ ላይ ሊያሳርፈው ሲል እጁ ቆመ። መፍቻውን ኮርቻው ላይ አስቀመጠ፣ ደብተሩን አወጣ፣ ከጥር 24 በታች ባለው ባዶ ቦታ ጻፈ፦ “ቁልፍ ዳይሬክት ተደረገ፣ የሁለቱም። ምርቃት።” ከዚያ ወደ መጨረሻው ገጽ ሄደ።

“ጋሼ፣ ኢሱዙው!” አለ ማሙሸት።

“ቆይ” አለ ሙህዲን ሳይቸኩል። “ሚያዝያ 20። የግራ መስታወት ጠበቀ። ምርቃት።”

መፍቻውን ያነሳው ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ነው።